በመኪና ማቆሚያው መካከል የቆመው መስቀል

በስደት አገር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት መምህርት ሆኜ የገባሁ ዕለት፣ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ጋሽ ሙሉጌታ ከክፍሌ በፊት ያሳዩኝ የመኪና ማቆሚያውን ነበር።

"ቲቸር፣ የፈለግሽው ቦታ ፓርክ አድርጊ፤ ከዚያ ብረት ግን ራቂ፤ መኪናሽን ይጭረዋል" አሉኝ።

ጋሽ ሙሉጌታ ከከተማው ወጣ ብሎ ኤፔክስ በሚባለው ቦታ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ የሺፍት አለቃ ናቸው። ቦታ የያዘ ነገር ሁሉ ያናድዳቸዋል።

"ብረት" ያሉት መስቀል ነው። ከውኃ ቧንቧ ተበይዶ የተሠራ፣ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ የሚል። ያቆሙት ከጦርነት ሸሽተው እዚህ የደረሱ የአንድ መንደር ልጆች ናቸው። የሞቱባቸውን ሰዎች ዘጠኝ ስሞች በብየዳ ጽፈውበታል። ቄስ ለሞተ ሰው ሲጸልይ የሚጠራው የክርስትና ስሙን ስለሆነ፣ የዓለም ስማቸው የለበትም።

እኔ ፊደል የማስተምርበት መሣሪያ አደረግሁት። ከተማችን በረሃ ላይ ስለሆነች በሐምሌ ብረቱ እጅ ስለሚያቃጥል ከቤቴ የምድጃ ጓንት እያመጣሁ፣ ልጆቹ "ወ"ን እና "ኃ"ን በጓንት እየዳሰሱ ይማራሉ።

አምና ጉባኤው መስቀሉን ነቅሎ ማቆሚያውን ለማስፋት ወሰነ። በምትኩ ግድግዳው ላይ የሟቾቹ ሙሉ ስምና ፎቶ ያለበት ጥቁር ድንጋይ ይለጠፋል ተባለ። እጄን አወጣሁ። ቅርስነቱ በዕድሜው ብቻ እንደማይለካ፣ ማን እንደሠራውና ለምን እንደሠራው ጭምር እንደሚታይ ማስረዳት ጀመርኩ።

"ቲቸር፣ ቅርስ ማለት አክሱም ነው። ይሄ ከመደብር የተገዛ ቧንቧ ነው" ብለው ጋሽ ሙሉጌታ አቋረጡኝ።

ሌላ ስብሰባ ለመንኩ። አንዴ በኦቨርታይም፣ አንዴ በሺፍት ለውጥ ምክንያት ቀረ። በመጨረሻ ሲሰበሰቡ፣ ስላይድ የማሳይበትን ፕሮጀክተር ግሪን ቫሊ የሚባል ሰፈር ለሚደረግ ሠርግ አውሰውት ቆዩኝ።

ከሁሉም በላይ ያስቸገሩኝ ግን እትዬ ዘውዴ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ካዚኖ ውስጥ ክፍል ሲያጸዱ የኖሩ፣ አሁን ልጃቸው ሮድስ ራንች ከሚባለው ሰፈር በመኪና የምታመጣቸው እናት ናቸው። ብረቱ ላይ "ኃይለ ማርያም" የተባለው ወንድማቸው ሽፈራው ነው። ለድንጋዩ የሚሆን ፎቶውን አስቀድመው በትልቁ አሳትመው ፍሬም አስገብተውታል።

"ልጄ፣ ተማሪዎችሽ የሚዳስሱት ፊደል ነው። ወንድሜ ፊደል አይደለም። መልክ ነበረው፤ ይታይልኝ" አሉኝ።

ይባስ ብሎ ጉባኤው "አንቺ ሥርዓት ትወጃለሽ" ብሎ ለድንጋዩ የሚጻፉትን የዓለም ስሞች የማሰባሰቡን ሥራ ለእኔው ሰጠኝ። ላድነው የፈለግሁትን መስቀል የማስነቀሉን ሥራ ማለት ነው። ተማሪዎቼ በየቤቱ ስልክ እየደወሉ "ከእናንተ ቤት የሞተው ማን ነው?" ብለው ጠየቁ። አንድ ስም ባለቤት አጣ።

"ቲቸር፣ ወልደ ዮሐንስ ፋሚሊ የለውም" አለችኝ ሶልያና የተባለች ተማሪዬ። "ሁሉንም ጠየቅሁ።"

ይህንኑ ለጉባኤው ተናገርኩ።

"እንግዲያው ይዘለል። የድንጋዩ ኦርደር ሰኞ መግባት አለበት" አሉ ጋሽ ሙሉጌታ።

"ማነው የሚዘለለው?" አሉ እትዬ ዘውዴ ከኋላ።

"ወልደ ዮሐንስ የሚባል። የሚያውቀው ሰው ጠፋ።"

"ማን ጠየቀኝ? የጠየቃችሁኝ ስለ ወንድሜ ነው።"

ከዚያ ታሪኩን ነገሩን። ወልደ ዮሐንስ ቆስሎ መንደራቸው የገባ ወታደር ነበር። ቄሱ ዘንድ ሲናዘዝ የክርስትና ስሙን ተናገረ። የዓለም ስሙን ማንም ሳይጠይቀው ሞተ።

"ከእኛ ወገን ነበር?" አሉ ጋሽ ሙሉጌታ።

"ከነዚያ። ሽፈራውን ከገደሉት።"

አንድ ሰው ወንበሩን ሲጎትት ተሰማ።

"እና ከሽፈራው ጋር ጻፋችሁት?" አሉ ሊቀ መንበሩ።

"ቄሱ ፍትሐት ላይ አብረው ጠሯቸው። ባሌም ነፍሱን ይማረውና፣ ሲበይድ እንደተጠሩት በየዳቸው። አንተ ብትሆን ታስቀረው ነበር?"

ጋሽ ሙሉጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ድንጋዩም ላይ በክርስትና ስሙ ይግባ። የፎቶው ቦታ ባዶ ይሁን፤ ምን ችግር አለው?"

"ሌላው ሁሉ መልክ ኖሮት እሱ ባዶ? ጠላት ነበር ብሎ የሚፍቀውስ ይጠፋል? እዚያ ብረት ላይ ማንም ከማንም አይለይም።"

እትዬ ዘውዴ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የወንድማቸውን ፎቶ አንስተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ፍሬሙ ትልቅ ስለነበር ቦርሳው አልዘጋ አላቸው።

"የሽፈራው ፎቶ ቤቴ ይሰቀላል" አሉ። "ወልደ ዮሐንስን ግን ማን ቤት ልሰቅለው ነው?"

"ፓርኪንጉስ፣ እትዬ?"

"ራቅ ብለህ ፓርክ አድርግ፣ ሙሉጌታ።"

የድንጋዩ ነገር ቀረ። መስቀሉ ዙሪያ ቢጫ መስመር ተቀባ። አሁን ደግሞ መስቀሉን ወርቃማ ቀለም እንቀባው የሚሉ ሰዎች ተነስተዋል፤ ከእነሱ ጋር ገና እየተከራከርኩ ነው።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት ይህን ነው፦ አሮጌው በአዲስ ሲተካ ወደ አዲሱ የማይሻገር ነገር ይኖራል። ያ ምን እንደሆነ መጣራት ያለበት ኦርደሩ ከመግባቱ በፊት ነው።