በማጥመቂያ ገንዳ የተማርኩት ዋና

ፍሉይድ ሜካኒክስ ኤ ነው ያመጣሁት። አንድ ዕቃ ውሃ ላይ ለምን እንደሚንሳፈፍ፣ ምን ያህሉ ከላይ ቀርቶ ምን ያህሉ እንደሚሰምጥ ከነሥዕሉ አስልቼ አቅርቤ፣ መምህሩ ወረቀቴን ለክፍሉ ሁሉ አሳይቶታል። በዚያው ሳምንት የኮሌጁ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ገብቼ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ጎትተው ያወጡኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ለፈተናው የእኔን ደብተር ተውሶ ያጠና ልጅ ነበር። እስካሁን የምቀየመው እያወጣኝ ስለሳቀ ነው።

የጦር ኮሌጅ ትምህርት ከውጭ ሲያዩት ሰልፍና ሩጫ ብቻ ይመስላል። እኛ ግን ገና ሳይነጋ ሮጠን፣ ቁርሳችንን ቆመን በልተን፣ ሁለት ሰዓት ላይ ካልኩለስ ክፍል እንቀመጣለን። ከሰዓት ቴርሞዳይናሚክስ ወይም የአመራር ትምህርት ይኖራል፤ አሥር ሰዓት ሲሆን ደግሞ ገመድ መውጣት። ብዙ ጊዜ እንቅልፍ የሚወስደን ካልኩለሱ ላይ ነው። ሕጉ ግልጽ ነበር። የቀለም ውጤት የሰውነት ማጎልመሻውን አይሸፍንም፤ የሰውነት ማጎልመሻውም የቀለሙን አይሸፍንም። ሩጫው አልከበደኝም፤ ሆሳዕና ውስጥ ዳገት ሳይወጣ ትምህርት ቤት የደረሰ ልጅ የለም። ገመዱንም ለመድኩት። የቀረኝ ዋና ብቻ ነበር።

ማንኛውም እጩ መኮንን ከመመረቁ በፊት ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር፣ መሬት ሳይረግጥና ጠርዝ ሳይዝ ማቋረጥ አለበት። እኔ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ሦስተኛውና የመጨረሻው ዕድሌ መስከረም ላይ ነበር። እሱን ከወደቅኩ ጓደኞቼ ማዕረጋቸውን ሲለጥፉ እኔ ከሰልፉ ጀርባ ቆሜ ላጨበጭብ ነው።

ችግሬ ቀላል ነበር። ውሃ ጆሮዬን ሲነካው ትንፋሼን እቆልፋለሁ፣ አንገቴን እንደ እንጨት አደርቃለሁ፣ ከዚያ በኋላ ማንም የሚለው ነገር አይሰማኝም። አሰልጣኛችን ወጣት መቶ አለቃ ነው፤ ከዳር ቆሞ «ዘና በይ! ዘና በይ!» እያለ ይጮህብኛል። ዘና በይ ተብላ ዘና ያለች ሰው እስካሁን አላየሁም።

ለክረምቱ ዕረፍት ሆሳዕና ስገባ ጉዳዩን ለቤተሰቤ ነገርኩ። እናቴ ነርስ ናት፤ ሁሉንም ነገር ከአደጋው በኩል ነው የምታየው። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ልጄን ተዉልኝ!» አለች። አባቴ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ለእሱ ደግሞ የማይማሩት ነገር የለም፤ የሚጎድለው አስተማሪ ብቻ ነው። አስተማሪ ፍለጋ ቦኖሻ ወደሚኖረው አጎቴ ወሰደኝ። አጎቴ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ነው፤ ዋናተኛነቱን በየሠርጉ ሲያወራ እንሰማለን።

«እኛኮ የተማርነው ጉማሬ ሲያባርረን ነው» አለ አጎቴ እየሳቀ። «ከፈለግሽ አሁን ሄጄ ልጥራልሽ።»

አልፈለግኩም። በሚኒባስ ስንመለስ አባቴ በድንገት ጉልበቴን መታ አደረገኝ። «ቤተ ክርስቲያናችን ገንዳ አለው እኮ!»

ወንጌላውያን ነን፤ የምንጠመቀው አድገን፣ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ገብተን ነው። ከአዳራሹ ጀርባ በሲሚንቶ የተሠራ፣ እስከ ደረት የሚደርስ፣ አራት እርምጃ የማይሞላ ገንዳ አለ። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው። ያን ሳምንት ግን እሁድ ጥምቀት ነበር። የሰፈሩ ውሃ በፈረቃ የሚመጣው ሐሙስ ስለሆነ ገንዳው ሐሙስ ጠዋት ይሞላል። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ሦስት ቀን ያለ ሥራ የተኛ ውሃ አለ ማለት ነው። አባቴ ራሱ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነውና ጉዳዩን ለረቡዕ ስብሰባ አቀረበው። እኔ ከበሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ አዳምጥ ነበር።

አጥብቀው የተቃወሙት የሽማግሌዎቹ ሁሉ አንጋፋ ናቸው። ይህ ገንዳ ከመሠራቱ በፊት ከሞርሲቶ ወዲህ ባሉት ወንዞች ሁሉ ሲያጠምቁ የኖሩ፣ ከከተማው ወጣት ግማሽ የሚሆነውን በእጃቸው ውሃ ውስጥ አስገብተው ያወጡ ሰው ናቸው። «ነገ የጥምቀቱ ገንዳ መዋኛ ሆነ ሊባል ነው?» አሉ። «ውሃውን የምንሞላው ለአንድ ነገር ብቻ ነው።»

አዲሱ ፓስተር ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ ውሃው ምልክት እንጂ በራሱ ምንም ኃይል የለውም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም?»

ከዚያ የሽማግሌው ሳቅ ተሰማኝ። «በገዛ ትምህርቴ ያዝከኝ!» አሉ። ፈቀዱ፤ ግን ሦስት ነገር ደነገጉ። በጸሎት ይጀመር፣ ነጩ የጥምቀት ጋውን ይለበስ፣ እሳቸውም ከሥፍራው አይጠፉም።

ሐሙስ ከሰዓት ቱታዬ ላይ ጋውኑን ደርቤ ገባሁ። የነሐሴ የሆሳዕና ውሃ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ጋውኑ አየር ሞላበትና ዙሪያዬን እንደ ጃንጥላ ተነፋ፤ እጄን እንኳ ማየት አቃተኝ። አባቴ ከዳር ቆሞ ከስልኩ ላይ ያነብልኛል። «ደረጃ አንድ፤ ሰውነትን ማላላት። ላላ ብሏል?» «አላለም!» «እንግዲያው ደረጃ ሁለት አንሄድም።» ሰባት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሰባት ጊዜ ሰመጥኩ፤ በስምንተኛው ተናድጄ ጋውኑን ረገጥኩና ውሃ ጠጣሁ። ሽማግሌው የላስቲክ ወንበር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። የመዝጊያውን ጸሎት ከጸለዩ በኋላ ለአባቴ እንዲህ አሉት፦ «ልጅህ የምትሰምጠው ገና ውሃው ሳይነካት ነው።»

ያን ቀን ቤት ገብቼ አለቀስኩ። መስከረምን አሰብኩ፤ አባቴ ለምርቃቴ ብሎ ከአሁኑ ያሰፋውን ሙሉ ልብስ አሰብኩ።

ዓርብ ስንደርስ ሽማግሌው ጫማቸውን አውልቀው፣ ከነሱሪያቸው እስከ ደረታቸው ገንዳው ውስጥ ቆመዋል። «ያንን ጋውን አውልቂው፤ ደግሞ ይህን ማን ልበሺ አለሽ?» አሉኝ፣ ያዘዙት እሳቸው እንዳልሆኑ ሁሉ። አንድ እጃቸውን ከማጅራቴ ሥር፣ ሌላውን ከጀርባዬ አደረጉ። አንገቴ ወዲያው ደረቀ። ይህን ጊዜ ፊታቸውን ሳይለውጡ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋችን በሀዲይሳ፣ «ትናንት ማታ እራት ምን በላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጋሼ፣ አሁን ይሄ ምን ያደርጋል?»

«ተጠየቅሽ፤ መልሺ።»

«ቆጮ በጎመን ነው የበላነው፣ እናቴ ደግሞ አይብ...» አይብ ከማለቴ ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ነበር፤ ዓይኔ ሰማይ ላይ። አንገቴ ለስልሷል። መስመጥ አለብኝ ብዬ ጠበቅኩ፤ አልሰመጥኩም።

ቀጥ አድርገው አቆሙኝና ሳቁ። «ትንፋሹን ቆልፎ እራቱን የሚናገር ሰው የለም» አሉ። «ለፈራ ሰው አትፍራ አይባልም፤ ወሬ ይጠየቃል። ስንቱን ጎረምሳ አጠመቅኩ መሰለሽ! አንዱማ ወንዝ መሀል ስለ በሬው ሕመም እየነገረኝ ነው ገብቶ የወጣው። ከውሃው ሲወጣ ወሬውን ካቆመበት ቀጠለልኝ።»

አባቴ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሁለቱም ጥያቄ ያዘንቡብኝ ጀመር። ከዱራሜ የመጣችው የአጎቴ ሚስት እንዴት ናት? ኮሌጅ ውስጥ ማን ያስቸግርሻል? ምግባችሁስ? ስለ ኮሌጁ ምስር ወጥ መናገር ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም። ውሃው ይበዛል፣ ምስሩ ይቆጠራል፣ ዳቦውም ትናንት የተጋገረ ነው እያልኩ ሳማርር ዞር ብዬ ባይ ሽማግሌው እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። የያዘኝ ሰው የለም። ከደስታዬ ብዛት ጮህኩ፤ በጩኸቱ ሰመጥኩ፤ እየሳቅኩ ብቅ አልኩ። አባቴ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ዘሎ ገባና አቀፈኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው።

ቅዳሜ እግሬን ማንቀሳቀስ ተለማመድኩ። ሁለት ጊዜ ከረገጥኩ ግድግዳው ጋ እደርሳለሁ፤ ዞሬ እንደገና። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ኮሌጅሽ ስትመለሺ በየቀኑ ልመጂ» አሉኝ ሽማግሌው። አረፍ ስንል ስለምማረው ትምህርት ጠየቁኝ። እኔም ኩራቴ መጣና ሰውነት የሚገፋው ውሃ ክብደቱ ስንት እንደሆነ፣ ለምን እንደሚያነሣው፣ በጣቴ ሲሚንቶው ላይ እየሣልኩ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እና ይህን ሁሉ እያወቅሽ ነው የምትሰምጪው?» አሉ። አባቴ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ አዳራሹ ዞሮ ሄደ።

እሁድ ጥምቀቱ ሆነ። ሕዝቡ ገንዳውን ከቦ ይዘምራል፤ ወጣቶቹ ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው ተራ ይጠብቃሉ። ሽማግሌው ቃሉን በአማርኛ ጮክ ብለው ከተናገሩ በኋላ ወደ ተጠማቂው ጆሮ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ያንሾካሽካሉ። እኔን ያጠመቁኝ ሌላ ሰው ናቸውና፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን ሳይ የተለየ ጸሎት ይመስለኝ ነበር። አጠገቤ የቆሙት ሴትዮም ያ ሰዓት ሲደርስ አንገታቸውን በአክብሮት ይደፋሉ። እኔ ግን አሁን አውቃለሁ። ስትንቀጠቀጥ የነበረች አንዲት ልጅ ግራ ተጋብታ አየቻቸውና ከንፈሯ «ድንች» ሲል አየሁት፤ ወዲያው ገብታ፣ ውሃው ከፊቷ እየወረደ፣ በደስታ እያበራች ወጣች። ሳቄ እንዳያመልጠኝ አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ሴትዮዋ ያለቀስኩ መስሏቸው ትከሻዬን አሻሹኝ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽም አልቅሼ ነበር።

መስከረም ደረሰ። በየማታው ከጥናት በፊት ተለማምጃለሁ፤ ገንዳውን እስከ ግማሽ እሄድና አንገቴ ሲደርቅብኝ ጠርዙን እይዛለሁ። ሙሉውን አንድ ቀን እንኳ አቋርጬው አላውቅም። በፈተናው ዕለት ክፍላችን በሙሉ ዳር ዳሩን ተሰልፏል። መቶ አለቃው ስሜን ሲጠራ ድምፁ ራሱ የደከመው ይመስላል።

«ጌታዬ፣ በጀርባዬ ይቻላል?»

መመሪያውን ገለጥ አደረገ። «መሬት አይረገጥም፣ ጠርዝ አይያዝም ነው የሚለው። በምን በኩል እንደምትሄጂ አይልም። ግቢ።»

ገባሁ። ፊሽካው ተነፋ። ተንጋልዬ ረገጥኩ፤ ጥሩ ሄድኩ፤ ግማሽ ላይ ስደርስ አንገቴ መድረቅ ጀመረ። ጠርዙ በእጄ ርቀት ላይ ነው፤ ከያዝኩት ግን ሁሉ ነገር አበቃ። ጠያቂ የለኝምና ራሴን ጠየቅኩ። ጮክ ብዬ፣ በሀዲይሳ። ትናንት ማታ ምን በላሽ? ምስር። ከትናንት በስቲያስ? ምስር። ከዚያ በፊትስ? አሁንም ምስር! ስናደድ እግሬ ፈጠነ። ምግቡ ሲያልቅብኝ የአክስቶቼን ልጆች ሠርግ አንድ በአንድ መቁጠር ጀመርኩ። ጓደኞቼ የምጸልይ መስሏቸው፣ አንዷ ከዳር ሆና በየመሀሉ «አሜን» ትላለች። መቶ አለቃው ከጎኔ እየተራመደ «ማንን ነው የምታናግሪው?» ይላል። አልመለስኩለትም፤ ሦስተኛው ሠርግ ላይ ነበርኩ።

ከዚያ ጭንቅላቴ ከአንድ ጠንካራ ነገር ጋር ተጋጨ። ማን መንገዴ ላይ ገባ ብዬ ልቆጣ ዞርኩ፤ የገንዳው ግድግዳ ነው። ማዶ ያለው ግድግዳ። ጩኸቱና ጭብጨባው የመጣልኝ ከዚያ በኋላ ነው። ደብተሬን ተውሶ ያጠናው ልጅ ከሁሉ በላይ ያፏጫል።

«አልፈሻል» አለ መቶ አለቃው። መዝገቡ ላይ ምልክት አደረገ። «ውጪ።»

አልወጣሁም። እንደገና ጀርባዬን ለውሃው ሰጥቼ ተንጋለልኩ። ጆሮዬን ሸፈነው፤ እንባዬ በሁለቱም በኩል ይወርዳል፤ እስቃለሁ።

«ካዴት፣ ውጪ ተብለሻል እኮ!»

«ጌታዬ፣ ትንሽ ብቻ ልቆይ?»

ስንት ወር ሙሉ ግቢ እያለ ሲለምነኝ፣ ሲቆጣኝ የኖረ ሰው ነው። ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ትንሽ አየኝ። ከዚያ የሚቀጥለውን ስም ጠራና እኔን ተወኝ።