እትዬ የሺእመቤትና ለቅበላ ያልተሸጡት ዶሮዎች

እትዬ የሺእመቤትን የምታውቁ ሁሉ፣ ከፍኖተ ሰላም ርቃችሁ ያላችሁም ጭምር፣ እኒያ ደግ ሰው ከእኛ ጋር አለመሆናቸውን በዚህ ጽሑፍ እነግራችኋለሁ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰው፣ እህል ቀምሰው፣ «ትንሽ ጎኔን ላሳርፍ» ብለው ገቡ፤ ከዚያ በኋላ አልተነሡም። በማግስቱ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ቀበርናቸው።

እኔ ጎረቤታቸው ነኝ። ያደግሁት ቡሬ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ባገባሁበት ዓመት ባለቤቴ ሥራው ፍኖተ ሰላም ስለነበር ከእርሳቸው ግቢ ጋር የሚጎራበት ቤት ተከራየን። ከእኔ ይልቅ ለብዙ ዘመን የሚያውቋቸው ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ሆኖም አንድ የማውቀው ነገር አለ፤ እርሱን ሳልጽፍ ብቀር ደስ አይለኝም።

ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ እትዬ የሺእመቤት ይተዳደሩ የነበረው በጓሯቸው በሚያሳድጓቸው የሥጋ ዶሮዎች ነው። የዶሮዎቹ ቤት ትንሽ ነበር፤ ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ ሽቦ፣ መሬቱ ላይ ጭድ የተነሰነሰበት። ጫጩቶቹ በካርቶን ታሽገው በሚኒባስ ሲደርሱ ራሳቸው መናኸሪያ ድረስ ሄደው እንደ ሕፃን አቅፈው ያመጧቸዋል። አምፖል ያበሩላቸዋል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጀሪካን ሙቅ ውሃ ሞልተው፣ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው መካከላቸው ያስቀምጣሉ። ከዚያም ዝም ብለው ያዩአቸዋል። ጫጩቶቹ ተደራርበው ከተኙ በርዷቸዋል፤ ወደ ግድግዳው ከሸሹ ሞቋቸዋል፤ እዚህም እዚያም ተበታትነው ከተኙ ግን እትዬም ቁጭ ብለው ያርፋሉ። ሲያድጉ ነጭ፣ ወፍራምና ሰነፍ ይሆናሉ። ከምግቡ ዕቃ አይርቁም። «እነዚህማ እንግዶች ናቸው፤ ተቀምጠው ይበላሉ፣ ከዚያ ደግሞ ጨምሪ ይሉኛል» እያሉ ያስቁን ነበር።

ይህ ሥራ በእኛ አገር አንድ ከባድ ነገር አለው። የሥጋ ዶሮ ቀኑ ሲደርስ መሸጥ አለበት። ከዘገየ ይከብዳል፣ እግሩ ሰውነቱን መሸከም ያቅተዋል፣ መኖውንም በከንቱ ይጨርሳል። ጾም ሲገባ ደግሞ ዶሮ የሚገዛ የለም። ስለዚህ እትዬ የሺእመቤት ጫጩት ከማስመጣታቸው በፊት ወደ መሪጌታ ሄደው «ዘንድሮ ዓቢይ ጾም መቼ ይገባል?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ከዚያ ቀን ወደ ኋላ ቆጥረው፣ ዶሮዎቹ ልክ ለቅበላ እንዲደርሱ ያደርጋሉ። ቅበላ ካመለጠ የዚያ ሰሞን ልፋታቸው ሁሉ አብሮ ያመልጣል።

አሁን ልነግራችሁ ወደምፈልገው ልምጣ። ባገባሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አማቴ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከገጠር ሊጠይቁን መጡ። ከባለቤቴ አክስት ጋር ነበሩ። ሙሽራ ለአማቷ የምትሠራው የመጀመሪያ ዶሮ ወጥ ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። አንድ ወፍራም ዶሮ ከእትዬ የሺእመቤት ገዛሁ። ያን ዕለት ለቅሶ ሊደርሱ እየተጣደፉ ስለነበር ዶሮውን አስይዘውኝ ወጡ። ባለቤቴ አረደልኝ። ብልቱን እናቴ እንዳስተማረችኝ አወጣሁ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሜ አጠብሁ፣ እንደ አገሩ ዶሮም ረጅም ሰዓት ቀቀልሁት።

ጭልፋውን ሳስገባ ሥጋው ከአጥንቱ ተለይቶ ጠበቀኝ። ፈረሰኛውን ብፈልግ፣ መላላጫውን ብፈልግ፣ ሁሉም ፈርሶ አንድ ሆኗል። እንግዶቹ ተቀምጠዋል፤ የሰፈሩም ሴቶች ተጠርተው መጥተዋል፤ እትዬም ከለቅሶው ተመልሰው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሌላ የማቀርበው ስላልነበረኝ እርሱኑ ይዤ ገባሁ።

አማቴ በእንጀራቸው ወጡን ገለጥ አደረጉት።

«ልጄ፣ ይኼ ዶሮ ነው ወይስ ሽሮ?»

አክስቲቱ ቀበል አደረጉ። «ፈረሰኛውስ የት ሄደ? ጋልቦ አመለጠ እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። አማቴ ግን አልሳቁም። «ብልት ማውጣት ሳታውቅ ነው እንዴ የተዳረችው? የቡሬ ሰዎች ምን ብለው ነው የላኳት?» አሉ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

በዚያ ቤት የተቀመጡት ሴቶች የእትዬ የሺእመቤት ደንበኞች መሆናቸውን አስቡልኝ። ለቅበላ የሚሸጡት ዶሮ በጓሯቸው ሞልቷል። ዝም ቢሉ የሚጠይቃቸው ሰው አልነበረም። እርሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ።

«እመቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጅቷ አላጠፋችም። ዶሮው የእኔ ነው።»

«የእርስዎ ቢሆንስ?»

«የእኔ ዶሮ እንደ አገሩ ዶሮ ሮጦ፣ ጭሮ ያደገ አይደለም። ተቀምጦ ነው ያደገ፤ ሥጋው ገና ለጋ ነው። ብዙ ከቀቀሉት ይፈርሳል። ይህን ልነግራት ሲገባኝ ሳልነግራት ሸጥኩላት። ከለቅሶ ስመለስ ብልቱን ስታወጣ በአጥሩ በኩል አይቻታለሁ፤ ያኔም ልነግራት ትዝ አላለኝም፤ አሥራ ሁለቱንም አሳምራ ነው ያወጣች።»

አክስቲቱ «ኧረ እትዬ! እንዲህ ብለው ተናግረው ነገ ማን ሊገዛዎት ነው?» አሉ እየሳቁ።

«እሱን እግዜር ያውቃል። ልጅቷ ግን በእኔ ዶሮ አትታማም።»

አማቴ እትዬን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው «ነዪ፣ ጉረሺ። እንግዲህ አጥንት የሌለው ለእኔም ጥርስ ደግ ነው» አሉኝ። ያኔ ሁሉም ሳቀ፤ እኔም እያለቀስሁ ጎረስሁ።

ወሬው ግን በዚያ ቤት አልቀረም። «የእትዬ የሺ ዶሮ ድስት ውስጥ ይቀልጣል» ተባለ። ቅበላ ደረሰ፤ ሴቶቹ በበራቸው አልፈው ከገበያ የአገሩን ዶሮ ገዙ። ጾሙም ገባ። ዶሮዎቹ በጓሮ ቀርተው መብላታቸውን ቀጠሉ። አንድ ቀን በአጥሩ በኩል «እትዬ፣ በእኔ ምክንያት ነው» አልኋቸው። «ዝም በይ፤ በአንቺ ሳይሆን በእኔ መቸኮል ነው» አሉኝ። ከዚያም ከዶሮዎቹ አንዱን፣ ሊቆም ሞክሮ በጎኑ የወደቀውን፣ አንሥተው ይዘው «መሸጡስ ቀረ። ሲወድቁ ግን ቆሜ አላይም» አሉ።

ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆይተው «በጾም የማይጾም ማን ነው?» ብለው ራሳቸውን ጠየቁ። መልሱንም ራሳቸው አገኙት፤ አራስ። በየሰፈሩ የወለዱ ሴቶች ነበሩ፤ በጾም ሰሞን ደግሞ ለአራስ ብሎ ዶሮ የሚያርድ ቤት ጥቂት ነው። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ እያረደ፣ እኛ እያጠብን፣ በሳህን ከድነን በየአራስ ቤቱ ማድረስ ጀመርን። የማላውቀው ሰው ቤት መግባት እጅግ ይከብደኝ ነበር። እትዬ ግን ሳህኑን እኔን አስይዘው ከፊት ይገቡልኛል።

አንዲት የአራስ እናት ሳህኑን ገልጠው «ይህ ያ የሚቀልጠው ነው?» ብለው ሲጠይቋቸው አስታውሳለሁ።

«እሱው ነው» አሉ እትዬ ሳያፍሩ። «ቁሌቱ በደንብ ይብሰል፤ ዶሮው መጨረሻ ላይ ይግባ። ብዙ አታቆዩት።»

ልጅቷ ከወለደች ጀምሮ እህል አልወርድ ብሏት ነበር። ያን ለስላሳ ሥጋ ግን በላች። እናትየው በደስታ እልል ሊሉ ቃጣቸው። ከዚያ በኋላ ወሬው መልኩን ለወጠ። ከደምበጫ ሳይቀር «ሚስቴ ወልዳለች፤ ያ ለስላሳው ዶሮ እዚህ ነው አሉኝ» የሚሉ ባሎች በራቸውን ያንኳኩ ጀመር። ያ ቅበላ ግን አልተመለሰላቸውም፤ የሚቀጥለውን ጫጩት እስኪያስመጡ ድረስ ብዙ ነገር ጎድሎባቸው እንደነበር እኔ አይቻለሁ። አንድም ቀን ግን ተናገርሁ ብለው ሲጸጸቱ አልሰማሁም። ከዚያ ወዲህ ለሚገዛቸው ሁሉ፣ ዶሮውን ከማስያዛቸው በፊት የሚሉት አንድ ነገር ሆነ፤ «መጀመሪያ ጉድለቱን ልንገርሽ፤ ከዚያ ከወደድሽ ትገዢኛለሽ።»

አማቴ መርዷቸውን ሰምተው ከገጠር መጥተው ነበር። ድንኳኑ ውስጥ እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው፤ «ሰው ዶሮውን ለመሸጥ ብሎ ሰው ያሳማል። እሳቸው ሰው እንዳይታማ ብለው ዶሯቸውን አሳሙ።»

እትዬ፣ እኔም በቅርቡ አራስ ልሆን ነው። ይህን ከባለቤቴ ቀጥሎ የነገርሁት ለእርስዎ ነበር፤ ሆዴን ዳበስ አድርገው «እሰይ» ብለውኝ ነበር። ቤቴ በጠያቂ ሲሞላ ዓይኔ እርስዎን እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ልጄ ሲያድግ፣ አንድ ቀን እናቱ በሰው ፊት አፍራ ስትቆም፣ የሚያጡትን እያወቁ ብድግ ያሉላት ሴት እንደነበሩ እነግረዋለሁ። ያን ዕለት አፌ ተይዞ ማለት የሚገባኝን ሳልልዎት ቀረሁ፤ ከዚያም በየቀኑ በአጥሩ በኩል እያየሁዎት ነገ እላቸዋለሁ እያልሁ ዘገየሁ። ነፍስዎ በደጋጎቹ መካከል ትረፍ። እትዬ የሺእመቤት፣ እግዜር ይስጥልኝ።