ዝይ ያባረረው ተረት

ልጅ ሳለሁ አቃቂ፣ ከቤታችን ጓሮ አንዲት ኩሬ ነበረችን። ከባቡር ሥራ በጡረታ የወጡት አያቴ፣ አባባ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚወርደውን የክረምት ውሃ አጠራቅመው ጎመን ሊያጠጡባት የቆፈሯት ናት፤ ያኔ ለእኔ ግን ከባሕር አታንስም ነበር።

መስከረም ሲጠባ የዱር ዝዮች ከወንዙ ተነስተው መጡባት። ጀንበር ስታዘቀዝቅ እየተንጫጩ ያርፋሉ፣ ኩሳቸውን ሲጥሉባት ያድራሉ፣ ጠዋት ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ይከረፋል። ሴት አያቴ እማማ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ፈረዱ፤ «ኅዳር ሲታጠን የግቢው ቆሻሻ ሁሉ ይቃጠላል። ይህችም ኩሬ እስከዚያ ካልጠራች አፈር አስሞላባታለሁ!» እኔ አለቀስኩ።

አባባ ግን «ቀይ ሲያይ ባቡር እንኳ ይቆማል» ብለው ከሥራ ዘመናቸው የቀረችውን ቀይ ፋኖስ አብርተው ኩሬው ዳር ሰቀሏት። ዝዮቹ የባቡር ሕግ የሚያውቁ አልነበሩም፤ በቀዩ ብርሃን ሲንሳፈፉ አመሹ። እማማ በመስኮት አይተው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጭራሽ መብራት አስገባህላቸው!» አሉ።

በማግስቱ አባባ ሁልጊዜ ደጃፍ ላይ የሚነግሩንን ተረት ወደ ኩሬው ዳር አዛወሩት። ከሰል አቀጣጠሉ፣ በቆሎ እሸት ፍሙ ላይ ደረደሩ፣ የባለሱቁን የጋሽ ከድርን ልጆችም ጠሩ። «ተረት ተረት!» ሲሉ እኛ «የላም በረት!» ብለን ድምፃችን እስኪዘጋ እንጮኻለን፤ ሊያርፉ ያንዣበቡት ዝዮች ደንግጠው ወደ ወንዙ ይመለሳሉ። አባባ የክንፍ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ወሬያቸውን አቋርጠው እንደገና «ተረት ተረት!» ስለሚሉ፣ ለአህያ ሠርግ ሚዜ የሆነው ጅብ ተረት ሳምንታት ፈጀ። ጠዋት ጠዋት የከረፋውን ውሃ በባልዲ እየቀዳን ጎመኑ ላይ ደፋነው፤ ሳይታሰብ የመጣ የጥቅምት ዝናብ ደግሞ ኩሬዋን ሞላት።

ኅዳር ሲታጠን፣ ሰፈሩ በሙሉ በጭስ ታፍኖ ሳለ፣ እማማ አካፋ የያዘ የቀን ሠራተኛ አስከትለው ወደ ጓሮ መጡ። ክው አልኩ። ጎንበስ ብለው ውሃውን አዩ፣ አሸተቱ፤ ከሥር ያለው ጠጠር ሳይቀር ይታያል። «ይሁን፣ ትቆይ» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ወደ አባባ ዞር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሙሽራዋ አህያ ግን ተረፈች?» አሏቸው።

ለካ ማታ ማታ በመስኮት ሲያዳምጡ ኖረዋል! አባባ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «ማታ መጥተሽ ስሚያ!» አሉ። እኔም ደስታዬን የማደርግበት አጥቼ በጭሱ መሃል ግቢውን ዞርኩት።

ከዚያ ወዲህ ዝዮቹ አልተመለሱም። እኛ ግን ዘብ መቆማችንን አልተውንም፤ በየማታው «ዝይ ሊመጣ ነው፣ ኑ እንጂ!» እያሉ የሚጠሩንም እማማ ሆኑ።

ዛሬ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ኩሬ የለኝ፣ ጓሮ የለኝ። ከአባባ የወረስኩት ያንኑ ተረት ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን መቼ እንደምነግር የምወስነው እኔ አይደለሁም። በታክሲ ሰልፍ ደክሜ ስገባ፣ ዝይ በዓይኗ አይታ የማታውቀው ልጄ በመስኮት ወደ ውጭ አየት ታደርግና፣ «አባዬ፣ ዝይ መጣ!» ትለኛለች።

ጫማዬን ሳላወልቅ እቀመጣለሁ።