ከዘር ድንች ጋር በአንድ ጣሪያ

ሥራ የገባሁ ቀን ኪሴ ውስጥ አንድ እንቁላል ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን የእንጅባራው የዘር ድንች ማኅበር ሊቀ መንበር አያ ታደለ፣ "የዶሮ እንቁላል የሚያህለው ለዘር ይቀመጣል፣ የበለጠው ገበያ ይሄዳል፣ ያነሰው ለከብት ነው" አሉኝ። "የየትኛዋ ዶሮ?" ብላቸው፣ "የማንኛዋም" አሉ። መልሱ አላሳረፈኝም። በማግሥቱ እንቁላል ይዤ መጣሁና እያንዳንዱን ድንች ከጎኑ እያስጠጋሁ መምረጥ ጀመርኩ።

አብረውኝ የሚለቅሙት ሴቶች በአገውኛ ተቀባበሉብኝ። አፌን የፈታሁበት ቋንቋ መሆኑን አላወቁም። "ይቺ ልጅ ድንቹን ለጋብቻ ነው የምታየው" አለች አንዷ። በአገውኛ "ዐይኑ ያማረ ካገኘሁ እጠራሻለሁ" አልኳት። ከዚያ በኋላ ወዳጆች ሆንን።

እንቁላሉ ከምሳ በፊት ኪሴ ውስጥ ተሰበረ። በሦስተኛው ቀን ከቀርቀሃ ልጥ ሁለት ቀለበት አጥፌ መጣሁ። በትንሹ ያለፈው ለከብት፣ በትልቁ ያላለፈው ለገበያ፣ መሀል የቀረው ለዘር። ቀለበቶቹ ዛሬም አሉኝ።

የዘር ድንች መጋዘን ቤት አይመስልም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ግድግዳው ግን ጣት በሚያሳልፍ ክፍተት የተደረደረ ቀርቀሃ ነው። ውስጡ አራት እርከን ቆጥ አለ፤ ድንቹ በየቆጡ ስስ ሆኖ ይዘረጋል። ፀሐይ ሳይነካው ነፋስና ብርሃን ይገባለታል። ብርሃን ያገኘ ዘር አጭር፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ ጉንቁል ያወጣል፤ በጆንያ ቢጫንም አይሰበርም። ጨለማ ውስጥ የቆየው ብርሃን ፍለጋ ረጅምና ነጭ ጉንቁል ያወጣል፤ ሲነኩት ይቀነጠሳል።

እኔ ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ግምጃ ቤት በሚባለው የትውልድ ቀዬዬ ገጠር ወንድሞቼ ሲማሩ እኔ ቤት ቀረሁ፤ አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ስቀጠር በማታው አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ከተማው ውስጥ ተማሪ ሲበዛ ኪራይ ተወደደና አከራዬ "ወይ ጨምሪ፣ ወይ ልቀቂ" አለችኝ። ከለቀቅኩ ወደ አባቴ ቤት መመለሴ ነው፤ እዚያ ደግሞ የማታ ትምህርት የለም።

"አያ ታደለ፣ ባዶው ቆጥ ላይ ልደር" አልኳቸው።

"ድንች ነሽ?"

"አይደለሁም።"

"እንግዲያስ ይበርድሻል።"

"ጥበቃውንም እይዛለሁ።"

በጣታቸው ቆጠሩ። "እሳት አይነድም። ግድግዳ አይነካም። እንግዳ አይገባም። አንዱን ካፈረስሽ በዚያው ቀን ትወጫለሽ።" ሦስቱን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። "ፈርሚበታ" ብለው ሳቁ። ፈረምኩ።

መጋዘን ውስጥ መኖር የራሱ ሥርዓት አለው። አልጋዬ በሰሜኑ ግድግዳ በኩል ያለው የታችኛው ቆጥ ነበር፤ ፍራሼ ገለባ የሞላሁት ጆንያ። መጻሕፍቴን አይጥ እንዳይደርስባቸው ክዳን ባለው ባልዲ አድርጌ በሽቦ ከጣሪያው ሰቀልኳቸው። ምግብ የማበስለው ውጭ፣ ከግቢው አጥር ሥር ነው፤ ዝናብ ሲሆን በሶ በጥብጬ እጠጣለሁ። ስልኬን የሚሞላልኝ ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ ነው፤ በምላሹ ደብዳቤ እጽፍለታለሁ። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ በቀርቀሃው መሀል ገብቶ የመጽሐፌ ገጽ ላይ ሸንተረር ሸንተረር ይሆናል። በዚያ ብርሃን እንደተነበበው ዓይነት ጂኦግራፊ ከዚያ ወዲህ አላነበብኩም።

ሰው የሚስቅበት ግን ሌላ ነው። በድንች ተከብቤ እየኖርኩ ድንች ከገበያ እገዛ ነበር። ብርሃን ውስጥ የቆየ ዘር አረንጓዴ ይሆናል፤ ይመርራል፣ ሆድም ያማል።

ታኅሣሥ ላይ ብርዱ ጠነከረ። ለድንቹ ተብሎ የሚገባው ነፋስ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። ጥቁር ላስቲክ አገኘሁና በአልጋዬ ርዝመት ለክቼ ቆርጬ ከለልኩት። ግድግዳ የነካሁ አልመሰለኝም፤ ላስቲኩን ያሰርኩት ከሦስተኛው ቆጥ እንጨት ጋር ነበርና። እንቅልፌ ጣፈጠ።

ቆጦቹን በየሳምንቱ እፈትሻለሁ። ከአልጋዬ በላይ ያለውን ግን እዘለው ነበር፤ ሁልጊዜ አጠገቤ ስለሆነ ያየሁት ይመስለኛል። የካቲት መጀመሪያ ላይ ቀና ብዬ አየሁት። የእትዬ ጥሩ ዘር ነው፤ የማኅበሩ አባል ናቸው፣ ገበሬ። ጉንቁሉ እንደ ጥጥ ፈትል ነጥቶ፣ ከላስቲኩ ጫፍ ብርሃን ወደሚገባበት ቀዳዳ አንገቱን አስግጓል።

በማግሥቱ አያ ታደለና እትዬ ጥሩ ዘሩን ሊያዩ ይመጣሉ። ጉንቁሉን ቀንጥሼ ላስቲኩን ባወርድ ማንም አያውቅም። ዘሩ እንደገና ያጎነቁላል፤ ግን ደክሞ ነው። ሦስት ቀነጠስኩ። ከዚያ የመጋዘኑ መዝገብ ትዝ አለኝ። "የጉንቁል ሁኔታ" የሚል ዓምድ አለው፤ ለምኜ ያስጨመርኩት እኔው ነኝ።

ጠዋት ሲመጡ የጻፍኩትን አነበብኩላቸው፦ "ሰሜን ግድግዳ፣ ሁለተኛ ቆጥ። ረጅም፣ ነጭ። ምክንያት፦ በአልጋ ልክ የተጋረደ ላስቲክ። ሦስት ጉንቁል በእጅ የተቀነጠሰ።"

አያ ታደለ ላስቲኩን ዳሰሱት። "የፈረምሽበት ላይ ምን ይላል?"

"ግድግዳ አይነካም ይላል።" የታሰረው ቆጡ ላይ ነው ልል ነበር፤ ተውኩት።

"እና?"

"ዕቃዬን አስሬያለሁ።"

እትዬ ጥሩ ዘራቸውን አንድ በአንድ እያነሱ ያዩ ነበር። "ብርድ ነው?" አሉኝ።

"ብርድ ነው፣ እትዬ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሃምሳ ሦስት ቀን።"

"ይኼንንም መዝግባዋለች" ብለው ወደ ሊቀ መንበሩ ዞሩ። "አያ ታደለ፣ ይቺን አስወጥተው ማንን ሊያመጡልን ነው? የድሮው ጠባቂዎ ቢሆን ቀነጣጥሶ 'አይጥ ነው' ይለን ነበር።" ቀጥለው ወደ እኔ፦ "ዘሬ ግን ዘሬ ነው። ጆንያ አይችልም። ዛሬውኑ መስኖው ማሳዬ ላይ እተክለዋለሁ፤ አንቺ በሰፌድ ታመላልሽዋለሽ።"

አያ ታደለ ላስቲኩን በራሳቸው እጅ ፈቱት። "የበረደው ግድግዳው ነው ወይስ አንቺ?"

"እኔ።"

"እንግዲያስ ራስሽን ሸፍኚ" አሉና ከዕቃ ቤት አሮጌ ጆንያዎች አውጥተው ወረወሩልኝ። "አልጋሽም ከግድግዳው ይራቅ።"

በዚያ ቀን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተመላለስኩ። ጉንቁሉ እንዳይሰበር በአንድ ሰፌድ አንድ ድርድር ብቻ ነው የሚደረደረው። መንገድ ላይ አንድ ባለ ጋሪ አጠገቤ ሲደርስ ፈረሱን ገታ አደረገና፣ "እታለም፣ የታመመ ሰው ነው እንዴ እንዲህ የምትሸከሚው?" አለኝ። "የታመመ ድንች ነው" አልኩት። አልሳቀም፤ ፈረሱን ወደ ዳር አድርጎ መንገዱን ለቀቀልኝ።

ፍራሼን ከግድግዳው ወደ መሀል አወጣሁና ጆንያዎቹን ሰፍቼ በአልጋዬ ላይ እንደ ድንኳን ዘረጋኋቸው። ከላስቲኩ የበለጠ ይሞቁ ነበር። ግንቦት ላይ እትዬ ጥሩ አንድ ቅርጫት ድንች ይዘው መጋዘን መጡ። "ያንቺ በሽተኞች ናቸው" አሉኝ። "እነዚህ ይበላሉ።" አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት እዚያው ድንኳን ውስጥ ነው።

ዛሬ ሥራዬ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ የዘር መጋዘን እየዞሩ መፈተሽ ነው። የምኖረው ግድግዳው የተመረገ ቤት ተከራይቼ ነው። ባለፈው ዓመት ዳንግላ አጠገብ አንድ መጋዘን ገብቼ፣ አንዱ ቆጥ ላይ ነጭ ጉንቁል አየሁ። "እዚህ ማን ነው የሚተኛው?" አልኩ። አንዲት ድንች መራጭ ደንግጣ እጇን አወጣች። ጆንያና ወስፌ እንዲሰጧት አደረግሁ።

መጋዘን ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ግድግዳውን ተዉት፣ አልጋችሁን ሸፍኑ። ስትፈትሹም ከራስጌያችሁ ካለው ቆጥ ጀምሩ።