ሦስተኛውን ዲስክ የሚጠብቅ ኮምፒውተር

በሱፍቃድ ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ደረቱ ላይ አቅፎ ሲመጣ የሱቄን በር ገና እየከፈትኩ ነበር። አብነት ሰፈር ውስጥ ኮምፒውተር ስጠግን ሰው ማሽኑን በማዳበሪያ፣ በካርቶን፣ አንዴ እንኳ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሲያመጣልኝ አይቻለሁ። በጋቢ ያመጣ ግን እሱ ብቻ ነው። ጋቢውን አውቀዋለሁ። የበሱፍቃድን ድምፅ የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም፤ ጋቢውን የምናውቀው ግን ጥቂቶች ነን።

ሰላም አላለኝም። ማለት አይችልም። አንገቱ ላይ ያለችውን ነጭ ጨርቅ አስተካከለና ስልኩን አውጥቶ ጻፈ፤ ከዚያ ወደ እኔ አዞረው።

«ሀያት፣ ሌላው ይቅር። ሦስተኛው ዲስክ ይነሳልኝ። የየአብስራ ፊልም ያለው እሱ ላይ ነው።»

የአብስራ ልጁ ናት፤ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ፊልሙ ምን እንደሆነ ለመንገር ግን ከአባቷ መጀመር አለብኝ።

በሱፍቃድ ፊልም ተርጓሚ ነበር። መነጽር አድርጎ መዝገበ ቃላት የሚያገላብጥ ሰው እንዳይመስላችሁ። ልጆች ሳለን ከልደታ ማርያም ወረድ ብሎ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥን። እሱ በር ላይ ቆሞ ሰው የሚያስገባ ጎረምሳ ነበር። የህንድ ፊልም ሲከፈት የሚባለውን የሚሰማ ስለሌለ፣ አንድ ቀን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ከራሱ እየፈጠረ መናገር ጀመረ። ቋንቋውን እሱም አያውቀው፣ እኛም አናውቀው፤ ስለዚህ ያረመው የለም። የተዋናዮቹን ፊት እያየ ነው የሚያወራው። ክፉውን ሰውዬ የሰፈራችን ደላላ ያደርገዋል። ፍቅረኞቹ ሲጠፉ ከተክለ ሃይማኖት ታክሲ ይሳፈራሉ፤ ረዳቱም መልስ ይከለክላቸዋል። ቤቱ በሳቅ ይናጋ ነበር። የለቅሶው ቦታ ሲደርስ ደግሞ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ያላለቀሰ ሰው አላየሁም፣ እኔንም ጨምሮ።

በኋላ ኮምፒውተር ገዛና በራሱ ድምፅ እየቀዳ ለየፊልም ቤቱ ማውጣት ጀመረ። ስቱዲዮ የለው፣ ምን የለው። በአንድ በኩል የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ፣ በሌላ በኩል አዛን፣ ከጓሮ ደግሞ ብረታ ብረት ቤት። ስለዚህ ጋቢውን ከነማይኩ ተከናንቦ ነበር የሚቀዳው። በላብ ተጠምቆ ሲወጣ ሚስቱ መቅዲ «ዛሬም ከነነፍሱ ወጣልኝ» ትል ነበር። እንዲያም ሆኖ በእሱ ፊልሞች ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ መዶሻ ይሰማል። ያ የእኛ ሰፈር ነው።

በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የጫንኩለት እኔ ነኝ። ፊልም ሊያስጭን የሚመጣ ሰው ሁሉ ፍላሹን ከነቫይረሱ ይሰካበታል፤ ዊንዶውሱ በየጊዜው እየሞተ አስቸገረን። ሊኑክሱን ትንሿ ዲስክ ላይ አደረግኩለት። ሁለተኛው ዲስክ ላይ አውጥቶ የሸጣቸው ፊልሞች፣ ሦስተኛው ላይ ገና ያልወጡት ተቀመጡ። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሦስቱንም ፈልጎ እንዲከፍታቸው አዘዝኩት። ዓመታት እንዲሁ ሠራ።

በበሱፍቃድ ፊልሞች ውስጥ ዋናዋ ልጅ ሁልጊዜ ቦሰና ነበረች። ህንዳዊት ትሁን ቱርካዊት፣ ቦሰና ናት። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «አፍ ይሞላል» ብሎኛል። የአብስራ በተወለደች ሰሞን በሠራው ፊልም ላይ ግን ቦሰናን ተዋትና ልጅቷን የአብስራ አላት። ፊልሙ ውስጥ አንድ አባት አለ፤ ልጁ ጠፍታበት አገር ለአገር በስሟ እየተጣራ የሚፈልጋት። ይህን ሁሉ ጊዜ በበሱፍቃድ ድምፅ የሚጠራው «የአብስራ! የአብስራዬ!» እያለ ነው።

መቅዲ ሰምታ ተቆጣች። ክርስትና ያልተነሳች ጨቅላ ስሟ እንዴት ገበያ ይወጣል? ዓይን ይግባባት ወይ? እኔም በነገሩ ከእሷ ጋር ነበርኩ፤ በእኛም በእስላሞቹ ቤት ገና ያልጠናች ሕፃን ለሰው ሁሉ አትገለጥም። እሺ፣ ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ትጠመቅ፣ ከዚያ ይወጣል ተባለ። ፊልሙም ሦስተኛው ዲስክ ላይ ሆኖ ክርስትናዋን ጠበቀ።

ልደታ ማርያም ተጠመቀች። ድግሱ ላይ በሱፍቃድ ድምፁ ጎርነን ብሎ ነበር፤ ጉንፋን ነው አልን፣ ዝንጅብል ጠጣ አልነው። ጉንፋን አልነበረም፤ ካንሰር ነበር። ሐኪሞቹ ነፍሱን ለማትረፍ ማንቁርቱን አወጡት። ከዚያ ወዲህ በአንገቱ ላይ ባለች ቀዳዳ ይተነፍሳል፤ ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። ያንን ፊልም ሊያወጣው ቀርቶ ከፍቶ ሊሰማው አልደፈረም። የድሮዎቹን ፊልሞች ለሰው እየጫነ ኖረ፤ እነሱንም ሲጭን ስፒከሩን አጥፍቶ ነው። አሁን አሁን ሰዉ ሁሉን ነገር ከስልኩ ስለሚያወርድ የሚመጣውም ሰው ጥቂት ነው።

ልጁን የሚጠራት በማንኳኳት ነው። ጠረጴዛም ይሁን በር በጣቱ ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጋል፤ እሷም ካለችበት «አቤት አባዬ!» ትላለች። አባት ሌላ የሚጠራበት መንገድ ያለ አይመስላትም ነበር። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ስትገባ ግን የጓደኞቿ አባቶች በር ላይ ቆመው ልጆቻቸውን በስማቸው ሲጣሩ ሰማች። አንድ ማታ መቅዲን «አባዬ ስሜን ያውቀዋል?» ብላ ጠየቀቻት።

መቅዲ ምን ታድርግ? ፊልሙን ነገረቻት። አባትሽ ደጋግሞ በስምሽ የጠራሽ ፊልም አለ፣ እናሳይሻለን አለቻት። በሱፍቃድም እሺ አለ። ፊልሙን ሊከፍቱላት ሲዘጋጁ መብራት ሄደ፤ ሲመለስም በኃይል መጣ። ኮምፒውተሩ ከዚያ ወዲያ አልነሳም።

ሱቄ ውስጥ ሰካሁት። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ እየወረደ ሄዶ ቆመ። ከዚያ አንዲት መስመር ብቻ ትቆጥራለች፤ አንድ ዲስክ እየጠበቅኩ ነው፣ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ይህን ያህሉ አልፏል ትላለች። ጊዜው ሲሞላ ማሽኑ መነሳት አልቻልኩም፣ የሚያየኝ ሰው ይምጣ የሚል ነገር ጽፎ ቀጥ አለ።

ብዙ ዲስክ ያለው ማሽን ሲታመም ሰው የሚሳሳተው የታመመው የትኛው እንደሆነ ሳያጣራ እጁን ሲሰድ ነው። ሊኑክሱ ተበላሸ ይልና እንደ አዲስ ይጭናል፤ ደህናውን ዲስክ አጥፍቶ ቁጭ ይላል። ስንቱ እንደዚያ አድርጎ እያለቀሰ መጥቶብኛል! እኔ መጀመሪያ የማጣራው የጎደለው ማን እንደሆነ ነው። ማሽኑ ገና ሲበራ የሚመጣውን ገጽ ከፍቼ አየሁ፤ የተቆጠሩት ሁለት ዲስኮች ብቻ ናቸው። የሦስተኛውን ገመድ ቀየርኩ። የለም። ደህናው የተሰካበት ቦታ ላይ ሰካሁት። አሁንም የለም። አውጥቼ ለብቻው መብራት ሰጠሁትና ጆሮዬን አስጠጋሁ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለና ዝም አለ።

ስገለብጠው መሰኪያው ውስጥ እርጥበት አየሁ።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው የረጠበው?»

በሱፍቃድ ስልኩን አንስቶ ጻፈ። «ፍሪዘር ውስጥ አሳድሬው ነበር። ይነሳል ብለውኝ።»

«ማነው ያለህ? ስሙን ንገረኝ! ሥጋ ነው እንዴ ፍሪዘር የሚገባው?» ጮህኩበት። ጎረቤቴ ብቅ ብሎ አይቶን ተመለሰ። በሱፍቃድ ስልኩን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በእኛ ሰፈር ምክር የሚነፍግህ ሰው የለም፤ ያልጠየቅከው ሁሉ ሐኪም ነው። ዲስኩን መብራቱ ይግደለው ፍሪዘሩ ይግደለው እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህን ለእሱ መንገር ምንም አይጠቅመውም፣ አልነገርኩትም።

«ሌላ ቦታ ወስጄው ቢከፍቱትስ?» ብሎ ጻፈ።

«ቤሱ፣ አልዋሽህም። ውጭ አገር ከፍተው የሚያነቡ አሉ። ውስጡ የተቧጨረውን ግን እነሱም አይመልሱትም። ይሄ ደግሞ ሲቧጥጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ «ኮፒው የሆነ ሰው እጅ አይጠፋም እኮ!» አልኩት። ተክለ ሃይማኖት ጋ በከር የሚባል ፊልም ቤት ያለው ሰው አለ፤ የበሱፍቃድን ፊልም ገና ሳይወጣ እየሰረቀ ይሸጥ ነበር። ሁለቱ በዚህ የተነሳ ስንት ጊዜ ተናንቀዋል።

በሱፍቃድ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ነው ብዬ አስቤ ነበር። ጻፈና አሳየኝ።

«ይሄን በከር እንኳ አልሰረቀውም።»

ሁለታችንም ቁጭ አልን። ውጭ የታክሲ ረዳት ይጣራል፣ የጎረቤቴ መጋዝ ይጮሃል። ዲስኩን ጠረጴዛው ላይ ለብቻው አስቀመጥኩት።

«ሁለተኛው ዲስክ ደህና ነው። የድሮ ፊልሞችህ አሉ፣ ድምፅህም አለ። ማሽኑ የማይነሳው ሦስተኛውን ስለሚጠብቅ ብቻ ነው። እንዳይጠብቀው መንገር አለብን።»

ሦስቱ ዲስኮች የተጻፉበትን ፋይል ከፈትኩለት። ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ነው። በመስመሩ ፊት አንዲት ምልክት ከተደረገች ማሽኑ እንዳላየ ሆኖ ያልፈዋል፤ ሥራው ይኸው ነው፣ አንድ ጣት ነው የሚፈልገው። እጄን ስሰነዝር አንጓዬን ያዘኝ። በሌላው እጁ ወደ ራሱ አመለከተ።

ኪቦርዱን ሰጠሁት። ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳርፎ ቆየ። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልተፈጠረብኝም፤ ደንበኛ ሲንቀራፈፍ ከእጁ እነጥቃለሁ። ያን ቀን ግን ስክሪኑን ማየት አቅቶኝ በር በሩን አየሁ። ቁልፉ ሲጫን ሰማሁ።

ማሽኑ ጠፍቶ ተነሳ። ምንም አልጠበቀም፤ ቀጥ ብሎ ገባ። የሞተ ማሽን ሲነሳ ደስ ይለኛል፣ ይህን ሥራ የያዝኩትም ለዚያ ነው። ያንን ማሽን ግን አንስቼ መሬት ላይ ብፈጠፍጠው ደስ ባለኝ።

ብዙም ሳይቆይ መቅዲ የአብስራን ከትምህርት ቤት ይዛ ደረሰች። ልጅቷ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ቦርሳዋን እንዳዘለች ሮጣ ገባች።

«ተነሳ? ሀያትዬ፣ ተነሳ?»

«ተነሳ» አልኳት።

መቅዲ ባሏን አየችው፤ ጠረጴዛው ላይ ተነጥሎ የተቀመጠውንም ዲስክ አየች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በሩ ሥር ቁጭ አለች። በሱፍቃድ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀመጣትና ከሁለተኛው ዲስክ አንድ ፊልም ከፈተላት። ድምፁንም አላጠፋውም።

ያ ድምፅ ወጣ። ከስንት ዓመት በኋላ ሰማሁት። ወፍራም፣ ሳቅ ሳቅ የሚል፣ ከጀርባው መዶሻ የሚሰማበት የበሱፍቃድ ድምፅ። የአብስራ ዞር ብላ ፊቱን አየችው።

«አንተ ነህ?»

ራሱን ነቀነቀላት። ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ለጠፈች፣ ከዚያ አንገቱ ላይ ያለችውን ጨርቅ በጣቷ ነካ አደረገችና ሳቀች። እንዲህ ስትደሰት አይቻት አላውቅም። ስክሪኑ ላይ አንድ ሽማግሌ አባት ደጃፍ ቆሞ እጁን ዘረጋ፤ ድምፁም «ቦሰና! ቦሰናዬ! ነይ እስቲ የኔ ልጅ!» አለ።

«ማንን ነው የሚጠራው?»

«ልጅቷን ነው» አለች መቅዲ።

«እኔንስ?»

የአብስራ ከአባቷ ጭን ወርዳ ቦርሳዋን አውልቃ መሬት አስቀመጠች፤ አንድ ወንበር በሁለት እጇ ስባ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። በሱፍቃድ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከኋላዋ ሆኖ ጠረጴዛውን በጣቱ ሁለቴ አንኳኳ።

አቤት አላለችም። እንደገና አንኳኳ።

«ቆይ አባዬ» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «አሁን ሊጠራኝ ነው።»