የእናቴ የጆሮ መጥረጊያ

እህቴ እናቴ የተወችልኝን የጆሮ መጥረጊያ ከሬሳዋ አንገት ፈትታ ወሰደችብኝ። በደሉ ይኸው ነው፤ ሌላ አልጨምርበትም።

አይቷት ለማያውቅ፣ ከብር የተሠራች፣ ከጣት የማትረዝም ቀጭን ነገር ናት። ጫፏ ላይ የምስር ክክ የምታህል ማንኪያ አለቻት። እናቴ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አንጠልጥላት ነበር የምትውል። አገራችን ወገራ፣ ብርዱ ሰበር ብሎ ፀሐይ ስትወጣ ደጅ ተቀምጣ ራሴን ጭኗ ላይ ታስተኛዋለች፤ ጢም ካበቀልሁ በኋላም ቢሆን። ማንኪያዋ ስትገባ ትቀዘቅዛለች፣ ስትወጣ ሞቃለች። ያወጣችውን እጇ ጀርባ ላይ ጠርጋ ታሳየኛለች፣ ስጠራህ የማትሰማው ለዚህ ነው እያለች። ሌላ ሰው እንዲያ በቀስታ ነክቶኝ አያውቅም።

ታናሽ እህቴ ጡት እንደጣለች ጎንደር አክስታችን ዘንድ ተላከች። ተማረች፣ ሐኪም ቤት ተቀጠረች፣ ቤት ሠራች። እኔ ከእናቴ ጋር ቀረሁ፤ ፊደል የቆጠርሁት ሽበት ከጀመረኝ ወዲያ ነው፣ በማታ ትምህርት። ያ ሁሉ ለእሷ ይሁን፣ ይችን ለእኔ አልሁ። እናቴም «ስሞት ካንገቴ ፈትተህ ውሰዳት» ብላኛለች፣ ጎረቤት እየሰማ።

የሞተች ዕለት እኔ ከወንዶቹ ጋር መቃብር ስቆፍር እህቴ ከከተማ ደረሰችና ከሚገንዙት ጋር ገባች። ማተቡን ለሬሳው ትታ መጥረጊያዋን ወሰደች። ስደውል አመጣታለሁ ትላለች፤ ትመጣለች፣ ረሳሁት ትላለች። በመጨረሻ ሽማግሌ ላክሁባት።

ሽማግሌዎቹ ሳቁብኝ። አንደኛው የመሬት ጠብ መስሎት መጥቶ ኖሮ፣ ለጆሮ ኩክ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዳገት ያስወጣኸኝ አለ። ጎንደር፣ ከፒያሳ በላይ፣ እሷ ቤት ተቀመጥን። ሁለታችንንም ሰምተው ትመልስ ብለው ፈረዱ። እሷም ከጣቷ ቀለበት አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይችው ናት፣ አያ። ሁልጊዜ እጄ ላይ እንድትሆን ብዬ ቀለበት አሠራኋት።»

አገላብጬ አየኋት። ማንኪያዋስ አልሁ። አንጥረኛው ለቀለበት አትመችም ብሎ ቆርጦ ጥሏታል አለች። ሽማግሌዎቹ ብሩ ያው ብር ነው፣ እንዲያውም ሸጋ ቀለበት ወጥቶታል፣ ተቀበልና ተሳሳሙ አሉ። እሷ ማልቀስ ጀመረች፤ ሌላ ማንኪያ አስቀጥልልሃለሁ አለች። ያችን የምስር ክክ አንጥረኛው ከጥራጊው ጋር ጠርጎ ደፍቷታል፤ እሷ አስቀጥላለሁ ትለኛለች።

ቀለበቱን አነሳሁና መዳፏ ላይ አኑሬ ጣቶቿን አጠፍሁባት።

«ያዣት። አንቺን እናቴ አንድ ቀን ጆሮሽን ጠርጋልሽ አታውቅም።»

ልቅሶዋ ቀጥ አለ። ያ ዳገት አስወጣኸኝ ያለኝ ሽማግሌ፣ አንተ ክፉ ሰው ነህ አለኝ፤ ነኝ አልሁትና ወጣሁ።

ቀለበቱን ከዚያ ወዲህ አጥልቃው እንደማታውቅ ጎረቤቶቿ ይነግሩኛል። ሸጋ። ታረቃችሁ ወይ ለሚለኝ፣ ጉዳዩ አልቋል እለዋለሁ። ያለቀውም ያኔ እሷ ቤት፣ ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት ነው።