ግድብ አፍራሿ ማርሰሌ

ማርሰሌ ያን ቀን ጠዋት ባልዲዋን ወደ ጉድጓዱ ስትለቅ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ባልዲው ጧ! ብሎ ውሃ ላይ አረፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከታች ጭቃ እየዛቀ ነበር የሚመለሰው። ገመዱን ስትስበው ከበዳት፤ ባልዲው እስከ አፉ ሞልቶ፣ ውሃው ጥርት ብሎ ወጣ። ስልሳ ስድስት ዓመት የሞላት ሴትዮ ናት፤ ግን እዚያው ጓሮዋ ውስጥ በቦቲ ጫማዋ ዘለለች። ላሟ ማመንዠኳን ትታ አንገቷን አዞረች።

"ምን ታፈጪብኛለሽ? ነይ ጠጪ!" አለቻት።

ሁለት ዓመት ከመንደሩ የጋራ ቧንቧ ውሃ በእጅ ጋሪ ስትገፋ ነው የከረመችው። ዘንድሮም ጉድጓዱ ከነጠፈ ላሟን ልትሸጥ ቆርጣ ነበር። አሁን ግን ውሃው መጣ! ከየት እንደመጣም ወዲያው ገባት። በፀደይ አንድ ጥንድ ቢቨሮች፣ እነዚያ በጥርሳቸው እንጨት እየቆረጡ ውሃ የሚገድቡ ባለ ሰፊ ጅራት እንስሳት፣ ከአምና ልጆቻቸው ጋር ከታችኛው ወንዝ ሽቅብ መጥተው፣ ከቤቷ ግርጌ የምታልፈውን የስካርዳን ጅረት ገድበዋል። ጅረቷ ስትገደብ ተኛች፤ የተኛ ውሃ ደግሞ ቀስ እያለ መሬት ውስጥ ይሰርጋል።

ይህ ወሬ መንደሩ ውስጥ ሲሰማ ያልሳቀ ሰው የለም። ለምን አይስቁ? ማርሰሌ እኮ ዕድሜዋን የጨረሰችው ቢቨር የገነባውን በማፍረስ ነው! በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የጋራ እርሻው የውሃ ማጠንፈፊያ ክፍል ቀጠራት። ያን ጊዜ ረግረጉን ሁሉ አድርቆ ድንች ማብቀል ነበር ትልቁ ጉዳይ። ስካርዳ ድሮ እየተጠማዘዘች፣ እየተንቀራፈፈች የምትሄድ ጅረት ነበረች፤ በቁፋሮ መኪና ቀጥ አድርገው ሲወጥሯት የልኬቱን ገመድ የያዘችው ማርሰሌ ናት። ኮርታበታለችም። ቁፋሮው ሲያልቅ ቦይ ጠባቂ አደረጓት። ረጅም እጀታ ያለው ሜንጦ ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ቦዩን ተከትላ ስትዞር፣ ግድብ ስታገኝ በሜንጦው እየጎተተች ስትበትን ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላት። መንግሥት ተለወጠ፣ የጋራ እርሻው ፈረሰ፤ የሜንጦው ሥራ ግን ንቅንቅ አላለም።

ዛሬ የበተነችው ነገ ተሠርቶ ይጠብቃታል። እሷ ትሳደባለች፣ እነሱ ይሠራሉ። ጡረታ ስትወጣ "እንኳን ተገላገልኳችሁ!" ብላ ቦዩ ላይ ተፍታለች። አሁን ግን ከጓሮዋ ወደ ግድቡ እየሮጠች ወርዳ፣ ያንን የጭቃና የእንጨት ክምር ልታቅፈው ምንም አልቀራት።

ያኔ ነው ከማዶ ጎረቤቷ ራፖላስ የጮኸባት። የመጨረሻ ሴት ልጁን ክርስትና ያነሳችው ማርሰሌ ስለሆነች አበልጅ ናቸው፤ በዚሁ አበልጅነት ሲሰዳደቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል።

"አበልጄ! እነዚህ ዘመዶችሽ መስኬን ሊያጠምቁት ነው!"

"ካቶሊኮች ናቸዋ! ምን ላድርግልህ?"

"ቀልዱን ተይኝ። ድርቆሼ ውሃ ውስጥ ቆሟል። የሰኔው የዮሐንስ በዓል ባለፈ ማግስት ትራክተሬን አስገባለሁ። ጎማው ከሰመጠ፣ በነጋታው ቢቨር የሚገድሉት አዳኞች እዚህ ናቸው። ፈቃዱን አውጥቻለሁ።"

የማርሰሌ ልብ ድንግጥ አለ። "ግልገል እኮ አላቸው፣ አንተ ጨካኝ!"

"አያቴ በሁዳዴ ጅራታቸውን ጠብሶ ይበላ ነበር። ውሃ ውስጥ የሚኖር ጅራት ዓሣ ነው ይል ነበር፤ ቄሱም አብሮት ማዕድ ይቀርብ ነበር።"

"ያንተ አያት ላም ወንዝ ስትሻገር ቢያይም ዓሣ ናት ብሎ ያርዳት ነበር!"

ራፖላስ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አቃተው። ቢሆንም ከቃሉ አልተመለሰም። "እንግዲያው አፍርሺዋ! ሙያሽ አይደለም እንዴ? መስኬ ላይ የተኛው ውሃ አንድ ክንድ ዝቅ ይበልልኝ እንጂ ሌላው ጉዳዬ አይደለም።"

ችግሩ ይሄ ነበር። ግድቡ ቢፈርስ ጉድጓዷ ይነጥፋል፤ ላሟም ትሄዳለች። ደግሞም ቢፈርስ እነሱ አሳድገው ይሠሩታል፤ ይህን ከማርሰሌ በላይ የሚያውቅ የለም። ግድቡ እንደቆመ ውሃው አንድ ክንድ መውረድ አለበት። አሥራ አንድ ቀን ቀርቷታል።

ከጎተራዋ ጀርባ ከድሮ ሥራዋ የተረፈ ወፍራም ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ ነበራት። በማግስቱ ግድቡን በጠባቡ ሸንቁራ፣ ቧንቧውን አሳልፋ ዘረጋችው። ውሃው በዚያኛው ጫፍ ፏ ብሎ ሲወርድ እጇን አጨበጨበች! "ይኸው ነው! ይኸው ነው!" እያለች ወደ ቤቷ ሄዳ፣ ቀዝቃዛ የቀይ ሥር ሾርባዋን ሁለት ሳህን ጠጣች።

ጠዋት ስትወርድ የቧንቧው አፍ በጭቃና በአኻያ ቅርንጫፍ ድርግም ብሎ ተደፍኗል። ትናንት ረስታው የሄደችው አካፋ ደግሞ ከግድቡ አናት ላይ፣ ልክ እንደ ማገር ገብቶ፣ በጭቃ ተመርጓል።

"አካፋሽንም ቀረጥ ብለው ወሰዱት!" አለ ራፖላስ ከማዶ፤ ሆዱን ይዞ እየሳቀ።

"ሳቅ! ሳቅ! ጥርስህ እስኪረግፍ ሳቅ!"

የቧንቧውን አፍ በዶሮ ማጠሪያ የሽቦ መረብ ሸፈነችው። ሽቦው ላይ ጭቃ ከመሩበት። ሽቦውን አሰፋችው፤ ጭቃውን አበዙት። እንዲህ ሲገፋፉ አምስት ቀን አለፈ፤ ውሃው አንዲት ጣት ታህል አልወረደም፤ እንዲያውም ከፍ አለ። ማርሰሌ ተናደደች፣ ግን ንዴቷ የድሮው አልነበረም። እነዚህ ፍጥረቶች ምን ቢያዩ ነው ሁልጊዜ ቧንቧውን የሚያገኙት? ሌላም ቀዳዳ አለ፣ ለምን እሱን ብቻ? እንቅልፍ የነሳት ይኼ ጥያቄ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ፣ አጃ ዳቦና አይብ በመሀረብ ቋጥራ ወረደች፤ ባልዲዋን ደፍታ ተቀመጠችበትና ዝም አለች። በሕይወቷ ሙሉ እዚህ ጅረት ዳር ዝም ብላ ተቀምጣ አታውቅም።

መጀመሪያ እናቲቱ መጣች፤ ከውሃው የሚታየው አፍንጫዋና ጆሮዋ ብቻ ነው። ጠለቀች፤ ስትወጣ በሁለት እጇ ጭቃ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ወገቧን ቀና አድርጋ፣ በኋላ እግሯ እየተራመደች ግድቡ ላይ ወጣች! ማርሰሌ በጥድፊያ አፏን በእጇ ከደነች፤ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። አባትየው ማዶ አንድ ግንድ ከግርጌው በብርቱካንማ ጥርሱ እየፈለጠ፣ ስንጥሩን ወደ ጎን ይተፋል። የአምናዎቹ ሁለት ጎረምሶች የአኻያ ቀንበጥ ይዘው፣ ልክ እንደ በቆሎ እሸት እያዟዟሩ ልጡን ይግጣሉ፤ የተላጠውን በትር አንዱ በአፉ ነክሶ ወደ ግድቡ ወሰደው። የበሉበትን እንጨት እንኳ አይጥሉም፤ ግንባታ ላይ ያውሉታል! ከጎጇቸው ውስጥ ደግሞ የግልገሎቹ ልቅሶ ይሰማል፤ በሩ ከውሃው በታች ስለሆነ ቀበሮ ቢመጣ ምን ሊያደርጋቸው?

ቀጥሎ ያየችው ነገር ግን ትንፋሿን ቀጥ አደረገው። እናቲቱ በግድቡ ዳር እየዋኘች አለፈች። በስተግራ በኩል፣ ከሣር ሥር፣ ውሃ በዝምታ ይሾልካል፤ ብዙ ውሃ፣ በቧንቧው ከሚሄደው የሚበልጥ። ዞር ብላም አላየችው! ቧንቧው ጋ ስትደርስ ግን፣ በጭቃው መሀል አንዲት ጠባብ ፍሰት ቡልቅ ቡልቅ ትል ነበርና፣ ጆሮዋን አቁማ ቆመች። ጠለቀች። ጭቃ ይዛ ተመለሰችና ደፈነቻት።

ማርሰሌ ከባልዲዋ ላይ ተነሳች። ባልዲውን ውሃ ሞላች፤ ዳር ላይ ቁጢጥ ብላ ውሃውን በቀጭኑ አንቆረቆረችው። ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ። ቢቨሯ ዞረች! ቀጥታ ወደ ማርሰሌ፣ ወደ ድምፁ መዋኘት ጀመረች!

"በጆሯቸው ነው!" ብላ ጮኸች። "እናንተ ቀጣፊዎች! በጆሯችሁ ነው የምትሠሩት!"

እናቲቱ በሰፊ ጅራቷ ውሃውን ጧ! አድርጋ መታችው፤ ሁሉም በአንዴ ተሰወሩ።

ራፖላስ ጥርሱን ሳይፍቅ በሩ ተደበደበ።

"ጀልባህን አውሰኝ!"

"በኔ ጀልባ ለጠላቴ ልታገለግይ?"

"ራፖላስ፣ በክርስትና ልጄ ይዤሃለሁ፣ ስጠኝ!"

አጉረመረመ፤ ግን ጀልባውን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ይዞ መጣ፤ ብቻዋን ብትሰጥም ማን ይከሰሳል ብሎ። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ሠሩ። የቧንቧው አፍ ከግድቡ አሥር እርምጃ ርቆ፣ ከመሀል ጥልቁ ላይ፣ ትልቅ የሽቦ ቅርጫት ውስጥ፣ በድንጋይ ታስሮ ሰጠመ። የዚያኛው ጫፍ ደግሞ ከግድቡ በታች ውሃ ሥር ተደበቀ፤ እንዳይንፏፏ፣ እንዳይንሾካሾክም እንኳ። ማርሰሌ ቧንቧው ውስጥ ውሃ መሄዱን ያወቀችው በመዳፏ ዳብሳ ነው። ሌላ ምልክት አልነበረውም።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ወረደች። እናትና ልጆች ሌሊቱን ሠርተዋል። ግድቡን የሸነቆረችበትን ቦታ አሳምረው መርገዋል፤ ቧንቧዋን መሀል አስገብተው፣ እንደ ራሳቸው እንጨት ቆጥረው፣ ጭቃ አልብሰውታል። የሽቦውን ቅርጫት ግን አልነኩትም! የውሃው መስመር ዳር ባለው ግንድ ላይ አንድ ጣት ወርዷል። በሁለተኛው ቀን ስንዝር። ሦስተኛው ላይ ማርሰሌ ከመሮጧ ብዛት መሀረቧን ጥላ ነው የደረሰችው። በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን ስንት እንደወረደ አልለካችም፤ ብታየው ይቆማል ብላ ፈርታ። ጉድጓዷን ግን በየጠዋቱ ትፈትሻለች፤ ባልዲው ጧ ይላል።

የዮሐንስ በዓል አለፈ። በማግስቱ ጠዋት ራፖላስ ትራክተሩን አስነስቶ መስኩ ጫፍ ላይ አቆመው። ማርሰሌ ከዳር ቆማ ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ጎማው ሣሩ ውስጥ ገባ። ትንሽ ሰመጠ፤ እሷም ትንፋሿን ያዘች። ከዚያ ወጣ። መስኩን አቋርጦ፣ ግድቡ ድረስ ደርሶ፣ ሞተሩን አጠፋ።

"እና የታለ ድምፁ?" አለ፤ ጆሮውን ወደ ውሃው አድርጎ።

"የለማ! እሱ አይደል ነገሩ!"

ራፖላስ ኮፍያውን አወለቀ፣ ራሱን አከከ፣ መልሶ ደፋው። ስልኩን አወጣና አዳኞቹ ጋ ደወለ። እዚህ እንዳትመጡ፣ ውሃው ወርዷል፣ አለ። ማርሰሌ ከደስታዋ ብዛት ትራክተሩን በጥፊ መታችው።

እሱ ግን ስልኩን በእጁ እንደያዘ ይመለከታት ነበር። "አበልጄ፣ ይሄ ሁሉ የፈጀብሽ አንድ ቧንቧና አንድ የሽቦ ቅርጫት ነው አይደል?"

"አዎ።"

"ታዲያ ያን ሠላሳ አንድ ዓመት ለምን አፈረስሽ?"

ሊሳለቅባት አልነበረም። ከልቡ ነው የጠየቃት፤ ለዚያ ነው ውስጧ ድረስ የዘለቃት። ማርሰሌ በአለቆቿ ልታሳብብ አሰበች፣ በዘመኑ ልታሳብብ አሰበች። ያፈረሰቻቸው ግድቦች ሁሉ፣ ሜዳ ላይ ያስቀረቻቸው ግልገሎች ሁሉ ፊቷ ላይ መጡባት። ሆድ ባሳት፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"አፍርሼ እሄዳለኋ፣ ራፖላስ። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሰምቻቸው አላውቅም።"

እሱም ስልኩን ኪሱ ከተተ። "አዳኞቹ … እዚህ ከቀረ ወደ ወንድሜ መስክ እንሄዳለን ነው ያሉኝ። እሱም ጋ ውሃ ገብቷል። ነገ ማለዳ ነው የሚሄዱት።"

ማርሰሌ ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።

"ወንድምህ ጋ የውሃው ጥልቀት ስንት ነው?" አለች፤ መልሱን ሳትጠብቅም እግሯን የትራክተሩ መወጣጫ ላይ አደረገች።